የመተማ ምሽጎች

የባሕር ጠረፍ ያላቸው የአፍሪካ አገሮች ከጥንት ወራሪዎች የተረከቧቸውን የመድፍ ምሽጎች ወደ ሙዚየምነት ሲለውጡ ኖረዋል። በሞምባሳ ወደብ አፋፍ ላይ የቆመው ፎርት ጂሰስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፖርቱጋሎች ግንባታውን በ1593 እ.ኤ.አ. ጀመሩት፤ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች እስር ቤት አደረጉት፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሙዚየም ሆነ። ወደዚያ የሚገባ ጎብኚ ከመድፉ አፈ ሙዝ አጠገብ ቆሞ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ሲመለከት፣ ጠላት ከየት በኩል ይመጣ እንደነበረ አስጎብኚ ሳይነግረው ይገባዋል። በእንዲህ ያለው ስፍራ ከመስታወት ሣጥን ይልቅ ግንቡና አድማሱ ያስተምራሉ።

ከባሕር እጅግ ርቆ በሚገኘው በመተማ ቆላ እንዲህ ያለ ግንብ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ያፍራል። የሚያገኘው ሰፊ ሜዳ ነው፤ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ፣ በክረምት እግር የሚይዝ በበጋ የሚሰነጣጠቅ መረሬ አፈር፣ ቅጠሉን ያራገፈ የዕጣን ዛፍ፣ እዚህም እዚያም የሽመል ቁጥቋጦ። ከጎንደር ተራሮች ወደ ምዕራብ ቁልቁል 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በበጋ የምትደርቅ አንዲት ጅረት ላይ ሲደርስ አገሩ ያልቃል። ከጅረቷ ወዲህ መተማ ዮሐንስ፣ ከጅረቷ ወዲያ በሱዳን በኩል ገላባትና ኮረብታዋ ይታያሉ። ሆኖም በዚህ ሜዳና በአካባቢው በአንድ መቶ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሦስት ምሽጎች የኢትዮጵያን ታሪክ ሦስት ጊዜ አቅጣጫ አስለውጠዋል። አንዱ የአፈርና የመድፍ፣ ሁለተኛው የእሾህ፣ ሦስተኛው የድንጋይና የሽቦ ምሽግ ነበር።

በቅድሚያ አንድ ነገር መለየት ያሻል። በሱዳን ውስጥ በዓባይ ዳር፣ በሸንዲ ፊት ለፊት ሌላ መተማ አለ። ጄኔራል ጎርደንን ከካርቱም ለማዳን የተላከው የእንግሊዝ ጦር በ1877 ዓ.ም. የደረሰው እዚያኛው መተማ ነው። የውጭ መጻሕፍትን የሚያነቡ አንዳንድ ተማሪዎች ሁለቱን ቦታዎች ሲያቀላቅሉ ስለሚታይ መምህራን ቢያስተውሉት ይበጃል።

የጎንደር ቆላ የጦር ሜዳ ከመሆኑ በፊት ገበያ ነበር። ኢትዮጵያ በምጽዋ በኩል ወደ ባሕር የምትወጣበትን በር ቱርኮች፣ ኋላም ግብጾች ይዘውባት በነበረበት ዘመን፣ የጎንደርና የጎጃም ነጋዴ ሌላኛው በሩ መተማ ነበረ። ቡናው፣ ሰሙ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ በቅሎውና ፈረሱ፣ በግፍ የተያዘው ባሪያም ጭምር በዚያ ይወጣ ነበር፤ ጨርቁና ጥጡ በዚያ ይገባ ነበር። በዚህ ረገድ መተማን የበረሃ ወደብ ማለት ማጋነን አይሆንም። የወደቡ ጠባቂዎች ተክሩሪዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ዘራቸው ከዳርፉርና ከዚያም አልፎ ከምዕራብ አፍሪካ የሚመዘዝ፣ ወደ መካ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ በመንገድ ቀርተው በመተማ የሰፈሩ ሙስሊሞች ናቸው። ሼኾቻቸው ለሁለት ጌታ ግብር እየከፈሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ወደ ጎንደር አንዱን ወደ ሱዳን አድርገው ገበያቸውን ጠብቀው ኖረዋል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በዚያ ሲያልፍ ያገኛቸው በዚሁ ኑሮ ላይ ነበር። የደገኛው የታሪክ ጸሐፊ ስለነዚህ ሰዎች ብዙ አልጻፈም፤ ጉዳቱ ግን ለራሱ ነው፤ ምክንያቱም መተማን ያለ ተክሩሪ ማሰብ ምጽዋን ያለ ጀልባ እንደማሰብ ነው።

የመጀመሪያው ምሽግ የደባርቂ ምሽግ ነው። የግብጹ ገዥ የሙሐመድ ዓሊ ጦር ሱዳንን ከያዘ በኋላ ወደ ቆላው ይገፋ ጀመር። የደምቢያው ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. ወድ ከልተቡ በተባለው ቦታ የግብጽን ጦር ድል አደረጉ። ይህ ድል ለቆላው ተዋጊ ኩራት ቢሆንም አንድ መጥፎ ትምህርት ጥሎ አለፈ፤ ጀግንነት ብቻውን በቂ ነው የሚል እምነት አሳደረ። የክንፉ ዘመድ የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1840 ዓ.ም. ያንኑ ለመድገም ወደ ደባርቂ ወረዱ። ግብጾቹ ግን በዚህ ጊዜ ሜዳ ላይ ወጥተው አልጠበቋቸውም። መድፋቸውን ከምሽግ ጀርባ አስቀምጠው፣ የካሣ ፈረሰኛና ጎራዴ መዛዥ እስኪቀርብ ታገሡ። የቋራ ጎበዝ በጀርባው ሳይሆን በደረቱ ቆስሎ ወደቀ፤ ካሣም ቆስለው ተመለሱ።

ካሣ ከሰባት ዓመት በኋላ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ሥሩልኝ ያሉበት ጥማት፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ሕዝብና ንጉሥ አብረው ወደ መቅደላ አምባ የጎተቱበት ትዕግሥት፣ መነሻው በደባርቂ ምሽግ ፊት የፈሰሰው ደም ነው። ስለ ቴዎድሮስ የተጻፉት ተውኔቶች አብዛኛዎቹ በመቅደላ ይጀምራሉ ወይም በመቅደላ ያልቃሉ። ደባርቂን ያየ ደራሲ ግን የጋፋትን ትዕይንት ለመጻፍ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም ነበር።

ሁለተኛው ምሽግ ታላቁ ነው፤ ወደ እርሱ ያደረሰው መንገድም ረጅም ነው።

ሙሐመድ አሕመድ፣ መህዲ ነኝ ብሎ በሱዳን በተነሣ ጊዜ የተከተለው በግብጽ ግብር ሰብሳቢና በቱርክ መኳንንት የተማረረ ሕዝብ ነበር። በዚህ መልኩ ካየነው የድርቡሽ ንቅናቄ (ድርቡሽ የሚለው ስም በእኛ አገር እንደ ስድብ ሲነገር የኖረ ቢሆንም) በመጀመሪያ የውጭ አገዛዝን ለመጣል የተደረገ የሕዝብ አመፅ ነው። እንግሊዞች ግብጽን ይዘው ስለነበረ በሱዳን ውስጥ የተከበቡት የግብጽ ወታደሮች ጉዳይ የእነርሱ ራስ ምታት ሆነ። መድኃኒቱን ያገኙት በአድዋ ነው። አድሚራል ሂዌት በግንቦት 1876 ዓ.ም. ከአፄ ዮሐንስ ጋር ባደረገው ውል፣ ኢትዮጵያ በከሰላ፣ በአሚዲብና በሰንሒት ያሉትን የግብጽ ጦሮች በግዛቷ በኩል ልታስወጣ፣ በምላሹም የቦጎስን አገር ልታገኝ፣ በምጽዋም ዕቃዋን፣ መሣሪያዋንም ጭምር፣ ያለ ቀረጥ ልታሳልፍ ተስማማች። በመተማ የነበረው የግብጽ ጦርም በ1877 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ወታደሮች ታጅቦ ወጣ።

ንጉሠ ነገሥቱ የገቡትን ቃል ጠበቁ። እንግሊዞች ግን ውሉ ዓመት ሳይሞላው፣ በጥር 1877 ዓ.ም. ኢጣልያ ምጽዋን ስትይዝ ፈቃዳቸውን ሰጡ። ኢትዮጵያ የተዋዋለችበት በር በሌላ እጅ ገባ፤ የድርቡሽ ጠላትነት ብቻ ለእርሷ ቀረላት። ራስ አሉላ በመስከረም 1878 ዓ.ም. በኩፊት የዑስማን ዲግናን ጦር ሲሰብሩ፣ ያ ጦርነት የእንግሊዝን ውለታ ለመክፈል የተደረገ ጦርነት ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር በቀን መቁጠሪያ መመልከት ይበልጥ ያስደንቃል። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በምሥራቅ በኩል በዶጋሊ የኢጣልያንን ጦር ደመሰሱ። በዚያው ወር በምዕራብ በኩል የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን መትተው የድርቡሹን አሚር ሙሐመድ ወድ አርባብን ገደሉ፤ ከተማዋንም አቃጠሉ። አንዲት አገር በአንድ ወር በሁለት በሮቿ ሁለት ድል አገኘች። በሁለቱም በሮች ግን በቀል ተጠራ። ኢጣልያ ጦሯን አጠናክራ ወደ ሰሐጢ መጣች፤ ኸሊፋ አብዱላሂም ታላቁን አዛዡን ሐምዳን አቡ አንጃን ወደ መተማ ላከ።

አቡ አንጃ በጥር 1880 ዓ.ም. በደምቢያ፣ ሳር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ። የፋሲል ከተማ ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ፤ ብዙ ሰው በምርኮ ወደ ቆላ ተነዳ። ከተረፉት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። የጎንደር ሕዝብ የንብ መንጋ ወጥቶ ድርቡሽን አባረረ ብሎ ይተርካል፤ በጣሪያው ላይ የተሳሉት ኪሩቤል ዓይናቸውን ገልጠው እስከ ዘመናችን መድረሳቸውን ያየ ሰው ንቦቹን ለማመን ብዙ አይከብደውም። አፄ ዮሐንስ በዚህ ጊዜ በሰሐጢ ከኢጣልያን ጋር ተፋጥጠው ነበር። ጦራቸው እየተራበ፣ ኢጣልያኑ ከምሽጉ ለመውጣት እምቢ እያለ፣ በመጋቢት 1880 ዓ.ም. ሳይዋጉ ተመለሱ።

ምሽግ እንደገና! ዮሐንስ በሰሐጢ ምሽግ ላይ ሰው አልጨረሱም። ይህ ጥበብ ከአንድ ዓመት በኋላ በመተማ ለምን ከእሳቸው ጋር አልነበረም? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ መልሱም በወታደራዊ ስሌት ብቻ የሚገኝ አይደለም። በመካከሉ ብዙ ነገር ሆኗል። የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ምኒልክ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ መመካከራቸው ተሰማ፤ ዮሐንስም ወደ ጎጃም ተሻግረው አገሩን አጠፉት። የጎጃም ገበሬ በአንድ ዓመት ውስጥ የድርቡሽንም የገዛ ንጉሠ ነገሥቱንም እሳት አየ። የፊውዳል ሥርዓት ጠባይ ይህ ነው፤ መሳፍንቱ ሲቀያየሙ ቂሙን የሚከፍለው ጎተራው ነው። በዚያ ላይ ከምጽዋ የገባው የከብት በሽታ ወደ ደጋው ይገሰግስ ነበር፤ ክፉ ቀን የተባለው ታላቁ ረሀብ ደጃፉ ላይ ደርሷል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ደብዳቤ ተጻፈ። በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ወደ ታኅሣሥ ገደማ፣ አፄ ዮሐንስ ለሐምዳን አቡ አንጃ የሰላም ሐሳብ ላኩ። የደብዳቤው ቁም ነገር በሁለቱም ወገን ያለ ኃጢአቱ የሚያልቀው ድሃ መሆኑን፣ አውሮፓውያን ቢያሸንፉ ለኢትዮጵያም ለሱዳንም እንደማይመለሱ፣ ስለዚህ ሁለቱ ሕዝቦች በጋራ ጠላታቸው ላይ አንድ መሆን እንደሚገባቸው የሚያስረዳ ነበር። አቡ አንጃ የመለሰው መልስ በስድብ የተሞላ ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱ እስካልሰለሙ ድረስ ሰላም የለም የሚል ነበር።

ይህን ደብዳቤ አንሥተው ዮሐንስን ከዘመናቸው ቀድመው የአፍሪካን አንድነት ያዩ ሰው የሚያደርጓቸው አሉ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን የላኪው እጅ ንጹሕ እንዳልነበረም መናገር ያስፈልጋል። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ካልተጠመቅህ ርስትህን ትነጠቃለህ ተብሎ ሲገደድ፣ እምቢ ካለው ብዙው ተሰደደ። ከስደተኞቹ ጥቂት የማይባሉት ወደ መተማ ወርደው ከድርቡሽ ጋር ተሰለፉ። የመተማው ተክሩሪ ሼኽ ሳሊሕ ሻንቃ በአንጻሩ ሙስሊም ሆኖ ሳለ ከኢትዮጵያ ጎን ቆሟል። እንግዲህ መስመሩ በመስቀልና በጨረቃ መካከል ብቻ የተሰመረ አልነበረም። በመተማ አጥር ውስጥ የኢትዮጵያ ልጅ ነበረ፤ ከአጥሩ ውጭም የሱዳን ሰው ነበረ። ደብዳቤውና መልሱ፣ በመካከላቸውም የወሎው ስደተኛ፣ ለተውኔት ጸሐፊ ሦስት ገጸ ባሕርያት ናቸው።

አፄ ዮሐንስ በሸዋም ላይ፣ በኢጣልያም ላይ፣ በድርቡሽም ላይ መዝመት ይችሉ ነበር። ሦስተኛውን መረጡ። የተቃጠለው ጎንደር ጠርቷቸዋል። የጦራቸውን ብዛት ከ100,000 በላይ የሚያደርሱት ጸሐፊዎች አሉ። ጦሩ ወደ ቆላ ሲወርድ አቡ አንጃ ሞቶ ዘኪ ጡመል ተተክቶ ነበር። ዘኪ ጡመልም የጌታውን የኩራት መልስ ወርሶ በሜዳ አልወጣም። ሱዳኖች ዘሪባ የሚሉትን ታላቅ የእሾህ አጥር በከተማዋ ዙሪያ አጠረ፤ ከውስጡ ቦይ አስቆፈረ፤ ጠመንጃ ያዦቹን በቦዩ ውስጥ አስቀመጠ።

ዘሪባ በዓይን ሲታይ ተራ ነገር ነው። የግራር ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ ግንዱ ወደ ውስጥ እሾሁ ወደ ውጭ ሆኖ ይደረደራል፤ እረኛ ከብቱን ከጅብ የሚጠብቅበት ያው አጥር ነው። ነገር ግን ፈረስ አይዘልለውም፤ ጋሻ የያዘ ሰው አጎንብሶ እሾህ ሲጎትት ከቦዩ ያለው ተኳሽ እያነጣጠረ ይመታዋል። ተኳሹ የያዘው መሣሪያ ደግሞ በብዛት ሬሚንግተን ነበር፤ ድርቡሾች ከግብጽ ጦር የማረኩት። የሚያጠቃው ኢትዮጵያዊም ብዙው የያዘው ሬሚንግተን ነበር፤ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ከዚያው ከግብጽ ጦር የተማረከ። የግብጹ ገዥ ከአሜሪካ ፋብሪካ በብድር ገንዘብ የገዛው ጠመንጃ፣ በመተማ ቆላ ሁለት አፍሪካውያንን ከአጥር ወዲህና ወዲያ ሆኖ አጋደለ። ስለ መተማ አንድ የሙዚየም ክፍል የሚያዘጋጅ ሰው ቢኖር ሁለት ሬሚንግተኖችን ጎን ለጎን ሰቅሎ በመካከላቸው አንድ የግራር ቅርንጫፍ ቢያስቀምጥ ብዙ ጽሑፍ ይተርፈዋል።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ውጊያው ተጀመረ። የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን ከቦ በየአቅጣጫው ተወረወረ። ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ አጥሩ በአንድ በኩል ተሰበረ፤ ጦሩ ወደ ከተማዋ ገብቶ ጎጆዎችን ማቃጠል፣ ምርኮ መያዝ ጀመረ። ድሉ ለኢትዮጵያ ያደላ ይመስል ነበር። በዚህ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ተራ ወታደር ከግንባር ቆመው ሲያዋጉ እጃቸውን ተመቱ። ቁስሉን ሸፍነው ቀጠሉ። ሁለተኛው ጥይት ግን እጃቸውን አልፎ ደረታቸው ውስጥ ገባ። ወሬው በሠራዊቱ ውስጥ እንደ ሰደድ እሳት ሮጠ። አጥሩን ሰብሮ የገባው ጦር፣ ምርኮውን የያዘው ጦር፣ ያልተሸነፈው ጦር ወደ ኋላው ተመለሰ።

የዚህ ውጊያ ልዩ ጠባይ ይህ ነው። ድርቡሾች መሸነፋቸውን አምነው ሊያድሩ ነበር፤ ያሸነፉት በማግሥቱ የጠላታቸው ሰፈር ባዶ ሆኖ ባገኙት ጊዜ ነው። አንድ ሠራዊት ሕይወቱን በሙሉ በአንድ ሰው ደረት ውስጥ አኑሮ ሲዘምት የሚደርስበት አደጋ በዚያ ቀን ታየ። ይህን ማለት የዮሐንስን ጀግንነት መቀነስ አይደለም፤ ሥርዓቱ ግን ከንጉሡ ሌላ የሚቆምበት ምሰሶ አልነበረውም።

ንጉሠ ነገሥቱ ራስ መንገሻን አልጋ ወራሽ አድርገው በቁስላቸው አረፉ። መኳንንቱ አስከሬናቸውን ይዘው ወደ ደጋው ጉዞ ጀመሩ፤ የሚያስቸኩል ጉዞ ግን አልነበረም፤ የሐዘን ጉዞ ቀርፋፋ ነው። ዘኪ ጡመል መጋቢት 4 ቀን በጓንግ ወንዝ አጠገብ ደረሰባቸው። ሱዳኖች አትባራ የሚሉት ወንዝ ማለት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ አጎት አዛውንቱ ራስ አርአያ አስከሬኑን ጥለው አልሸሹም፤ እዚያው ሲዋጉ ወደቁ። የዮሐንስ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ፤ በኸሊፋው ከተማም ለሕዝብ ታየ። በዚያ ዘመን በኦምዱርማን እስረኛ ሆኖ የኖረው ኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ስላቲን ካመለጠ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ነገር ጽፏል።

የመተማ ጥይት የገደለው አንድ ሰው ቢሆንም የተጠቀሙት ሁለት ወገኖች ነበሩ፤ ድርቡሽ ግን ከተጠቃሚዎቹ ውስጥ አይቆጠርም። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ንጉሥ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር የውጫሌን ውል ፈረሙ። በዚያው ክረምት ኢጣልያኖች ከረንንና አስመራን ያዙ፤ ራስ አሉላ ያልነበሩበትን ደጋ ያለ ታላቅ ውጊያ ወጡት። ከሰባት ዓመት በኋላ አድዋ ባይደርስ ኖሮ የመተማ ዋጋ ከዚህም በላይ በሆነ ነበር። ድርቡሽም ቢሆን በመተማ ካለቁበት ተዋጊዎች በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ድል አድራጊው ዘኪ ጡመል በገዛ ጌታው በኸሊፋው ታስሮ በረሀብ ሞተ። ኋላ ምኒልክና ኸሊፋው መልእክተኞች ተለዋውጠው ነበር፤ በ1881 የተሰደበው የሰላም ሐሳብ ዘግይቶ መንገድ አገኘ፤ ነገር ግን ኪችነር በነሐሴ 1890 ዓ.ም. በኦምዱርማን ደረሰ። በማክሲም መትረየስ ፊት የሱዳን ልጅ እንደ አገዳ ታጨደ።

ኪችነር ከድሉ በኋላ ያደረገው ነገር ከዮሐንስ ታሪክ ጋር አብሮ መነገር ያለበት ነው። የመህዲን መቃብር በመድፍ አፈረሰ፤ አጥንቱን ወደ ወንዝ አስጣለ፤ የራስ ቅሉን ግን አስቀረ። ወሬው ለንደን ሲደርስ ታላቅ ቁጣ ተነሣ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ሳትቀር ደስ እንዳላላት አስታወቀች፤ በመጨረሻ ቅሉ በዋዲ ሐልፋ ተቀበረ። የንጉሠ ነገሥት ራስ የታየባት ከተማ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመሪዋ ራስ ተነቀለባት። አቡ አንጃ በስድብ የመለሰው ደብዳቤ ይህንን ነበር የሚያስጠነቅቀው።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል ድንበሩ ተሰመረ። በሚቀጥለው ዓመት ሻለቃ ግዊን የተባለ የእንግሊዝ መሐንዲስ ብቻውን እየዞረ ምልክቱን አቆመ። አንዱ ገበያ ሁለት ስም አግኝቶ በጅረት ተከፈለ።

ሦስተኛው ምሽግ የገላባት ኮረብታ ነው። ኢጣልያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ በገባች በሳምንታት ውስጥ፣ ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ ከመተማ ተነሥታ ጅረቷን ተሻገረች፤ የገላባትን ምሽግም ያዘች። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አሥረኛው የሕንድ ብርጌድ በብርጋዴር ዊልያም ስሊም አዛዥነት ለማስመለስ መጣ። ታንክና አውሮፕላን ነበረው። ገላባት በጠዋቱ ተያዘች። ከጅረቷ ወዲህ ያለችው መተማ ግን በእሾሃማ ሽቦ ታጥራ ነበር። ሽቦውን ይረግጣሉ የተባሉት ታንኮች አብዛኛዎቹ በፈንጂና በቋጥኝ ላይ ተሰባብረው ቀሩ፤ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ሰማዩን ያዙ፤ ከእንግሊዛውያኑ ወታደሮች መካከል የደነገጡት ወደ ኋላ ሸሹ። ስሊም ለቆ ተመለሰ። ይህ ሰው ኋላ በበርማ ግንባር ታላቅ ስም ያገኘው ፊልድ ማርሻል ስሊም ነው፤ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የትዝታ መጽሐፉ የገላባትን ሽንፈት ራሱን ሳይምር ተርኮታል። ጄኔራሎች ስለ ሽንፈታቸው እንዲህ አይጽፉም፤ የእኛዎቹ ደግሞ ከናካቴው አይጽፉም።

ከ52 ዓመት በኋላ የግራሩ እሾህ የብረት ሆነ እንጂ ውጊያው ያው ነበር። የሚዋጉትም ሰዎች ያው ባለ አገሩ ያልሆነ ጦርነት የሚዋጉ ነበሩ። በኢጣልያ በኩል ከሽቦው ጀርባ የነበሩት አብዛኛዎቹ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የተመለመሉ የቅኝ ግዛት ወታደሮች ናቸው። በእንግሊዝ በኩል ከጋርህዋል ተራሮችና ከባሉች የመጡ የሕንድ ልጆች ነበሩ፤ በግንባሩም የሱዳን መከላከያ ኃይል ነበረ። በዚያው ወራት የጎጃምና የበጌምድር አርበኞች በጫካ ነበሩ፤ ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ከመተማ በስተደቡብ በኦሜድላ ገቡ።

ኢጣልያኖች በጥር መጨረሻ መተማን ለቀው ወደ ጎንደር ሲያፈገፍጉ መንገዱን ሁሉ ፈንጂ ቀበሩበት። የተከተላቸውን ጦር ይመራ የነበረው ሁለተኛ ሌተና ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ የቦምቤይ መሐንዲሶች መኮንን ነው። አራት ቀን ሙሉ ከፊተኛው ተሽከርካሪ ሳይወርድ፣ 55 ማይል መንገድ፣ 15 የፈንጂ ስፍራዎችን አጸዳ። የተቀመጠበት ተሽከርካሪ በፈንጂ ደጋግሞ ተመታ፤ ጆሮው ተጎዳ፤ ይተካልህ ቢባል እምቢ አለ። በዚያ ጦርነት የቪክቶሪያ መስቀልን በመቀበል የመጀመሪያው ሕንዳዊ መኮንን እርሱ ነው። የሕንድ ወታደራዊ ትምህርት ቤቶች ስሙን ያውቁታል። ከጎንደር ወደ መተማ በአውቶቡስ የሚወርደው ሰው ግን በየትኛው መንገድ ላይ እንደተቀመጠ የሚነግረው የለም። ጎንደር ራሷ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጻ ወጣች።

መተማን እንደ ሙዚየም ለማንበብ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ንብረቱ በብዙ ቦታ የተበተነ መሆኑን ማወቅ አለበት። በኦምዱርማን የኸሊፋ አብዱላሂ ቤት ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመህዲያ ዘመን ሙዚየም ሆኖ አገልግሏል። ኢጣልያዊው ናሬቲ ለአፄ ዮሐንስ የሠራው የመቀሌ ቤተ መንግሥትም እንዲሁ ለረጅም ጊዜ የሙዚየም አገልግሎት ሰጥቷል። አንዱ የገዳዩን፣ አንዱ የሟቹን ታሪክ ያስቀምጣል። ተክለ ጻድቅ መኩሪያና ዘውዴ ገብረ ሥላሴ ስለ ዮሐንስ ዘመን በጻፏቸው መጻሕፍት የንጉሠ ነገሥቱን መንገድ ከትግራይ እስከ መተማ ማንበብ ይቻላል፤ የአጥሩ ውስጥ ሰዎች ታሪክ ግን በዐረብኛ ተጽፎ በካርቱም ቤተ መዛግብት የተቀመጠ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሳየት የሚቻለው አንድ ቦታ ቢኖር ሁለቱም የሞቱበት ሜዳ ነው። ለዚህ ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም። የአቡ አንጃ መልስና የዮሐንስ ደብዳቤ ቅጂ፣ ሁለቱ ሬሚንግተኖች፣ የግራሩ ቅርንጫፍና የእሾሃማው ሽቦ ቁራጭ፣ የተክሩሪዎች የገበያ ሚዛን፣ ከደባርቂ እስከ ጓንግ የተሳለ አንድ ካርታ ይበቃሉ። የንጉሡን ሐውልት ብቻ አቁሞ ሌላውን መርሳት ግን ግማሹን አጥር ብቻ ማጠር ይሆናል።

ኢትዮጵያውያን ከተማዋን በንጉሠ ነገሥቱ ስም መተማ ዮሐንስ ብለው ጠርተዋታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ከካርቱምና ከኦምዱርማን የሸሹ ብዙ ሺ ሰዎች፣ ሱዳናውያንም በዚያ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም፣ በገላባት በኩል ጅረቷን ተሻግረው የገቡት ወደዚህች ከተማ ነበር።